ጎባ ላይ ብርድ ልሸጥ ስነሣ

«ነገ የሚመጣውን አውቃለሁ» የሚል ሰው ሁሉ ዛሬ የቆመበትን መሬት አያውቅም! አትቆጡኝ… የምናገረው ከራሴ ተነሥቼ ነው።

በንጉሡ ዘመን፣ ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሳለች፣ እዚያው ባንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ጋዜጣ አነባለሁ፤ ስለዚህ ሁሉን አውቃለሁ። ባለቤቴ አስካለ ደግሞ ያነበብኩትን ጋዜጣ ስኳር ትጠቀልልበታለች፤ በቤታችን የፊት ክፍል ሻይ ቤት ነበራትና።

አንድ ጊዜ ለሥራ ድሬዳዋ ተላክሁ። ያን ሙቀት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ሰው ሁሉ ላቡን እየጠረገ ባንድ ነጭ ሣጥን ፊት ይጋፋል። ባለሱቁ ሣጥኑን ሲከፍተው ጉም ቡልቅ ይላል፤ ከጉሙ ውስጥ ቀዝቃዛ አራንቻታ ያወጣል፤ ሰዉ ብርቱካኑን ለስላሳ ይጎነጭና «እፎይ!» ይላል። ለካስ ማቀዝቀዣ የሚባለው ይኸው ኖሯል! መብራት እንኳ አይፈልግም፤ ከበስተኋላው የላምባ እሳት ይነዳል፣ ከፊት ለፊቱ ያቀዘቅዛል። «አገኘሁት!» አልኩ። የወደፊቱ ኢንዱስትሪ የብርድ ኢንዱስትሪ ነው! ሥጋው፣ ወተቱ፣ መድኃኒቱ፣ መጠጡ፣ ነገ ሁሉም ሣጥን ይገባል። ታዲያ ይህን ሥልጣኔ ለባሌ ቀድሞ የሚያደርሰው ማነው? እኔ ነኛ!

ድሬዳዋ የቆመ ሰው የጎባን ብርድ ይረሳል። ፍረዱኝ…

ቤቴ እንደገባሁ ነገሩን ለአስካለ አወራኋት።

«በምን ልትገዛው ነው?» አለች።

«ላሟን ሸጠን።»

«አባቴ የሰጠኝን ላም?!»

«አስካለ፣ ሣጥኑ እኮ ወተት ሳይበላሽ ያቆያል!»

«ላሟ ከተሸጠች የምን ወተት?»

ለዚህ መልስ ጋዜጣው ላይ አልነበረም። «ላም አለኝ በሰማይ» እያለች ብትሸረድደኝም፣ ነጋ ጠባ ስነዘንዛት ሰለቻትና ላሟን አስረከበችኝ። ሣጥኑም ተገዝቶ በጭነት መኪና፣ በሻሸመኔና በዶዶላ አድርጎ፣ በጭቃው ሲንገላታ ሰንብቶ ጎባ ደረሰ።

የምረቃው ቀን ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል፤ ከበላያችን ካለው ከሳነቴ ተራራ የሚነሣው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ሻይ ቤቱ ጋቢ በተከናነበ ሰው ሞልቷል። የመጀመሪያውን ጠርሙስ ለሐጂ ከድር አቀረብኩ፤ የጎሮ ከብት ነጋዴ ናቸው፣ ጎባ በመጡ ቁጥር እኛ ዘንድ ሻይ ሳይጠጡ አይመለሱም።

«ሐጂ፣ እርስዎ ይመርቁልኝ።»

«ቢስሚላህ» ብለው ጨለጡት። ዓይናቸው ፈጠጠ፤ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ያዙ። «ኢልካን ኮ! ጥርሴን! ልጄ… ምንድነው ያጠጣኸኝ?»

«ብርድ ነው ሐጂ፤ ዘመናዊ ብርድ።»

«ትሸጠዋለህ?»

«አዎ።»

«ለጎባ ሰው?»

«አ… አዎ።»

«ሳነቴ በነፃ እያደለን?!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የቀሩት ደንበኞች ይሉኝታ ይዟቸው አንዳንድ ጠርሙስ አዘዙ። ካዘዙ በኋላ ግን ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «እመት አስካለ፣ እባክሽ ይችን ለብ አድርጊልኝ!» አስካለም ጠርሙሶቹን ፍል ውኃ ውስጥ እየነከረች ታሞቅላቸው ጀመር። እኔ ላምባ አቃጥዬ አቀዘቅዛለሁ፤ እሷ ከሰል አቃጥላ ታሞቃለች። እንዲህ ያለ የሥራ ክፍፍል በየትኛው አገር ኢንዱስትሪ አይታችኋል?

እልህ ያዘኝ። «አትሳቁ! ይህ ጥበብ ነው! በእሳት ነው የሚያቀዘቅዘው!» ብዬ ጮኽኩ።

«በእሳት?» አሉ ሐጂ በሐዘኔታ እያዩኝ። «ልጄ፣ ደህና አድረሃል?»

«ካላመኑ ከኋላው ዞረው ይዩ!»

ዞሩ። ጠበቅን። አልተመለሱም።

«ሐጂ?»

«አቤት።»

«አዩት?»

«አየሁት።»

«ታዲያ ምን ያደርጋሉ?»

«አልሐምዱሊላህ… እየሞቅሁ ነው።»

ይህን የሰማ ሁሉ ጋቢውን ሰብስቦ ተነሣ። የማቀዝቀዣው ጀርባ ለካ እንደ ምድጃ ይግላል! ወዲያው አስካለ አግዳሚውን ወንበር አንሥታ ከኋላው አኖረችው፤ ዝንጅብል ያለው ትኩስ ሻይም አስከተለች። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ የሣጥኑ ፊት ግድግዳው ላይ ተለጥፎ፣ ጀርባው ወደ ሕዝቡ ዞሮ አገኘሁት።

«አስካለ! አሁን በሩን በየት በኩል ልክፈተው?»

«ምን ሊያደርግልህ ትከፍተዋለህ?»

ወደ ፊት፣ ወደ ፊት ስል ኖሬ ፊቱን ግድግዳ ዋጠው! ሻይ ቤቱ ግን ደራ። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ «የብርድ ንግዱ እንዴት ነው?» እያሉ ሲያላግጡብኝ፣ «ገበያው ሞቋል!» እላለሁ። መቼም አልዋሸሁም።

ከጊዜ በኋላ ከደሎ መና ቆላ ቡና ይዞ የወጣ ሙክታር የሚባል ነጋዴ ሻይ ሊጠጣ ገባ። ሣጥኑን ዙሪያውን አየ፤ በግድግዳው በኩል በሩን አጮልቆ አየ፤ ከዚያ ክው ብሎ ቀረ።

«ይህ ማቀዝቀዣ አይደለም እንዴ? ምነው ፊቱን አዞራችሁት? እኛ ዘንድ ሰው በሙቀት እየቀለጠ! ሽጡልኝ፤ የጠየቃችሁትን እከፍላለሁ፣ በጀርባዬ አዝዬም ቢሆን እወስደዋለሁ!»

ወገኖቼ! በዚያች አገር የገባኝ የገባው አንድ ሰው ተገኘ! ለካስ የዘመኑን አካሄድ አልሳትኩም፤ የሳትኩት ከፍታውን ብቻ ኖሯል። «አላልኳችሁም?!» ብዬ ዘልዬ የሰውየውን እጅ ጨበጥኩ። ሽያጩ አለቀ ስል ከሣጥኑ ጀርባ ጉርምርምታ ተነሣ።

«ማነው የሚወስደው?» አሉ ሐጂ ከድር፣ ጀርባቸውን እንዳስደገፉ።

አስካለ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች መጣች። ሰውየውን በትሕትና አየችው።

«ወንድሜ፣ ደሎ መና ይሞቃል አይደል?»

«ኧረ እሳት ነው፣ እመቤቴ!»

«ታዲያ ምድጃ ምን ያደርግላችኋል?»

ሙክታር «አስረዳልኝ እንጂ» በሚል ዓይን ወደ እኔ ዞረ። ዝናቡ እንደገና ጀምሮ ነበር፤ ነፋሱም በበሩ ገብቶ አንገቴን ያዘኝ።

«ሐጂ» አልኩ፣ «እስቲ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ።»