የቅልቅሉ ሲዲ ምስክርነት

ቂም እንደ ቅርስ የሚመዘገብ ቢሆን ኖሮ፣ የቀራንዮዋ ካሳነሽ ቂም ሰሌዳ ይለጠፍለት ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶታል፤ ሁለት ዓመት ቢጨምር የቀበሌ መታወቂያ ይወጣለታል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በሠርጓ ጊዜ፣ በቅልቅሉ ዕለት፣ ሙሽራይቱ ስትገባ ቤት ሙሉ ሰው ብድግ ሲል የባሏ እህት ሌሊሴ ንቅንቅ አላለችም። ሌሊሴ ደግሞ "ተነስቻለሁ" ባይ ናት።

ማስረጃው የሠርጉ ሲዲ ነበር። እሱም፣ እግዜር ይስጠው፣ ከመጫሩ ብዛት ሙሽራዋ አንድ እግሯን ደጃፉ ላይ እንዳነሳች ቀጥ ይላል። ካሳነሽም በዚያች በተንጠለጠለች እግር ቆማ አሥራ ስድስት ዓመት አኮረፈች።

ዘንድሮ የሌሊሴ ልጅ ልታገባ ሆነ። የካሳነሽ ባል ደበላ፣ ለእህቱ ልጅ ሠርግ ብቻውን መሄዱ ሰው ፊት እንደሚያሳፍረው ነግሮ ለመናት። እሷ ግን ፍትሕ ወዳድ ናትና፣ ሲዲው ሳይመሰክር የሌሊሴን ደጅ አልረግጥም አለች። ለሠርጉ የሚሆን ቀሚስ ግን በጎን አሰፍታ ጨርሳለች።

ስለዚህ ጥገናው በይፋ ተጀመረ። ጎረቤት የጥርስ ሳሙና ፍቱን ነው ቢላት ቀባችው። ካሳነሽ ድስት እንጂ ሲዲ አጥባ ስለማታውቅ፣ እንደ ልማዷ በሽቦ ፈተገችው። ከዚያ ወዲህ ሲዲው ሙሽራዋን ቀርቶ ስሙንም ረሳ።

ኮልፌ ወርዳ ለቴሌቪዥን ጠጋኙ ለአብራር ሰጠችው። አገላብጦ አየው።

"እትዬ ካሳነሽ፣ ይሄን ድመት ነው የቧጨረው?"

"አንተ ዝም ብለህ ጠግን። እውነቴ ያለው እሱ ውስጥ ነው።"

አብራር ሳምንት ሙሉ በማሽን ሲያለሰልሰው ከርሞ፣ አሁን ይነበባል ብሎ አስረከባት። ነገሩ ሕጋዊ እንዲሆን የባሏን አጎት ጋሽ ጃለታን ጠርታ ቴሌቪዥኑ ፊት በዳኝነት አስቀመጠች።

የተንጠለጠለችው እግር መሬት ረገጠች። ሌሊሴ ብድግ ብላለች። ብድግ ብቻም አይደለም፤ ሁለት እጇን ዘርግታ ልትስም እየቀረበች ነው። ሙሽሪት ካሳነሽ አገጯን ሽቅብ ሰቅላ በአጠገቧ አለፈች።

ደበላ ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

"ሲዲው ገና አልዳነም" አለች ካሳነሽ።

"ሲዲውስ ድኗል፣ ልጄ" አሉ ጋሽ ጃለታ።

ሦስት ቀን ሲዲውን እየመላለሰች አየችው። በአራተኛው ቀን ታክሲ ይዛ ጦር ኃይሎች ወረደችና የሌሊሴን በር አንኳኳች። ሌሊሴ ከፍታ ስታያት ደንግጣ ቆመች። ካሳነሽም፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በማስረጃ ከተረጋገጠ በኋላ ከትልቅ ሰው የሚጠበቀውን አደረገች። አንገቷን አቅፋ ሦስቴ ሳመቻትና፣

"ይቅር ብዬሻለሁ" አለቻት።