በበራችን ላይ የታሰረው አንበሳ

ሰው ቤት ስሄድ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው በሩ ላይ ነው። ሌላው ሰው አልጋውን ያያል፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶግራፍ ያያል። እኔ በምን ይከፈታል፣ በምን ይዘጋል፣ እጀታው የት ነው እያልሁ ደጃፍ ላይ እዘገያለሁ። «ግባ እንጂ፣ ብርድ አታስገባ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በር ከፍቶ መቆም ነውር ነው፤ ብርዱ ሳይጠራ ገብቶ ይቀመጣል። ግን ምን ላድርግ? ይህ አመል የያዘኝ በገዛ በራችን ምክንያት ነው።

በራችን ድሮ እንዲህ ነበር። የጽድ ሳንቃ ነው። ከውስጥ የእንጨት መወርወሪያ አለው። መወርወሪያው ላይ ጠፍር ታስሯል፤ ጠፍሩ በሳንቃው ቀዳዳ አልፎ ወደ ውጭ ይንጠለጠላል። የመጣ ሰው ጠፍሩን ሳብ ሲያደርግ መወርወሪያው ብድግ ይላል፣ በሩ ይከፈታል። ሲመሽ አባቴ ጠፍሩን ወደ ውስጥ ይስበዋል። በቃ፣ ቤቱ ተቆለፈ ማለት ነው።

ያንን ጠፍር ከሁላችንም አብልጠው የሚስቡት እማማ ብርቄ ነበሩ። ቤታቸው ከቤታችን ፊት ለፊት ነው፤ በር ለበር እንተያያለን። የበግ ጠጉር እየፈተሉ ባና ለሚሠሩ ሰዎች ይሸጣሉ። ብቻቸውን ስለሚኖሩ እሳት አያሳድሩም። ጠዋት ጠዋት ገል ይዘው ይመጣሉ፣ ጠፍሩን ይስባሉ፣ «እንዴት አደራችሁ» ሲሉ እግራቸው ምድጃው ዘንድ ደርሷል። ፍሙን በገሉ ላይ ያደርጉና ፍሙን ወስደው ወሬውን ትተውልን ይሄዳሉ። ቤተ ክርስቲያን ሄደን ቤቱ ባዶ ቢሆንም ይገባሉ፤ እሳታችንን በአመድ ዳፍነውልን ይወጣሉ። እርሳቸው እያሉ የእኛ ቤት እሳት ጠፍቶ አያውቅም።

ሟቹ ባላቸው ሸማኔ ነበሩ። በእጅ ባለሙያ ቤተሰብ ላይ ሰው የሚያወራውን ታውቃላችሁ፤ ዓይናቸው ይበላል ይባላል። እርሳቸው ሲያልፉ ልጇን በነጠላ የምትሸፍን ሴት በሰፈራችን አለች። እማማ ብርቄ አይተው ያልፋሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ለእናቴ «ዘነቡ፣ በዚህ ሰፈር ዓይኔን ሳይፈራ ጠፍሩን የሚተውልኝ ያንቺ ቤት ብቻ ነው» አሏት። እናቴም «ምን ነካሽ እትዬ ብርቄ፣ ይልቅ ፍሙ ሳይከስም ሂጂ» ብላ ነገሩን በሳቅ አሳለፈችው።

ወደ በሩ ልመለስ። አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። ለሥራ አዲስ አበባ ሄዶ አንድ ትልቅ ሰው ቤት ያየው የነሐስ እጀታ ልቡን ወሰደው። ወደ ሱቅ ገባ። ባለሱቁ ተንጠልጣይ ጓጉንቸር ቢያሳየው «ይህ ለእህል ጎተራ ነው» አለ። ክብ እጀታ ቢያሳየው «ይህስ ሲይዙት ያንሸራትታል» አለ። በመጨረሻ እጀታው ላይ የአንበሳ ራስ ያለበት ቁልፍ ወጣለት። ከዚያ ወዲያ ምን ምርጫ አለ? በአውቶቡስ ጭኑ ላይ አድርጎት መጣ። ጫጫ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ሻይ ሊጠጣ ሲወርድ እርሱ አንበሳውን ታቅፎ እንደ ተቀመጠ ነበር አሉ።

እናቴ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር፤ ማን ሊሰርቀን ነው?» አለችው። እርሱ ደግሞ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አላት። በተረት ጸሐፊን ማን ይረታል?

አናጺው አቶ ወልዴ ጥሩ ሰው ናቸው። አልጋ ይሠራሉ፣ ሳጥን ይሠራሉ። እንዲህ ያለ ቁልፍ ግን ገጥመው አያውቁም ነበር። መወርወሪያውን ነቀሉ፣ ሳንቃውን በሰፊው ፈለፈሉ። ከፈለፈሉ በኋላ ነው ነገሩ የታየው። ቁልፉ የተሠራው ማጠፊያው በግራ ለሆነ በር ነው፤ የእኛ ማጠፊያ በቀኝ ነው። የቁልፉ ምላስ ወደ መቃኑ እንዲገባ አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ ገልብጦ መግጠም። ገልብጠው ገጠሙት። በሩ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። አቶ ወልዴ ደስ ብሏቸው ዞር ሲሉ የአባቴ ፊት አመድ መስሏል። አንበሳው አናቱን ወደ መሬት ዘቅዝቆ እግራችንን ያያል።

«አንበሳ አይደል እንዴ? ይተኛ፣ ምን አለበት» አሉ አቶ ወልዴ።

እስቲ አስቡት። አንበሳ የጃንሆይ ምልክት በሆነበት አገር፣ የጃንሆይን ደመወዝ የሚበላ ጸሐፊ፣ ደጃፉ ላይ አንበሳ ዘቅዝቆ ሰቅሏል። አንድ ምቀኛ ቢያየው ነገሩ የት ይደርሳል? አባቴ አሁኑኑ ይንቀሉልኝ ብሎ ለመናቸው። እርሳቸው ግን እነዋሪ ሄደው የቤተ ክርስቲያን በር ሊሠሩ ተቀጥረዋል፤ የሚወስዳቸው መኪና ቆሞ ጡሩንባውን ይነፋል። «ለፋሲካ እመለሳለሁ፣ እስከዚያው ሸፈን አድርጉት» ብለው መፍቻቸውን ይዘው ሄዱ። ገና የዐቢይ ጾም መግቢያ ነበር።

አባቴም ሸፈነው። በምን? በአሮጌ ቀይ ጨርቅ። በምን አሰረው? ከመወርወሪያው በተፈታው በዚያው ጠፍር። ነፋስ እንዳይገልጠው ደጋግሞ ቋጠረው። እኛንም «ከጨርቁ ሥር ያለውን ለነፍስ አባታችሁም እንዳትናገሩ» አለን።

ክፉ አጋጣሚ ብቻውን አይመጣም። ታናሽ ወንድሜን ሆዱን ያመመው በዚያው ሌሊት ነው። ዋዜማውን እማማ ብርቄ ጉንጩን ነካ አድርገው «ይሄ ልጅ እንዴት አምሮበታል» ብለውት ነበር። በማግስቱ ገሉን ይዘው ሲመጡ ልጁ ከውስጥ ያለቅሳል፣ ጠፍሩ ከቦታው የለም፣ በሩ ላይ በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ተቋጥሯል። እኛ አገር በር ላይ ቀይ ጨርቅ ተቋጥሮ ያየ ሰው ምን ይላል? ደብተራ የሰጠው መድኃኒት ነው፤ ከቡዳ ይከላከላል ነው የሚለው። የአባቴ አባት ደግሞ የታወቁ የአንኮበር ደብተራ ነበሩ። እንዲህ ከተገጣጠመ ነገር የቱን ትጠረጥሩ ነበር?

እማማ ብርቄ በሩን ሳይነኩ ተመለሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳት የሚጭሩት ከበሬሳ ወንዝ ማዶ ሆነ። ፍሙ መንገድ ላይ ይከስምባቸዋል፤ እንደገና ይመለሳሉ። እናቴ ከደጃፏ ሰላም ስትላቸው «እግዜር ይመስገን» ብለው መሬት መሬቱን እያዩ ያልፋሉ። ዓይናቸውን ከልጃችን ላይ እያሸሹ እንደ ነበር የገባን በኋላ ነው።

እናቴ አልቻለችም። አንድ ጠዋት ራሷ ፍም በገል ይዛ ሄደች። እኔም ተከተልኋት።

«እትዬ ብርቄ፣ ምን በደልሁሽ?»

«ምንም አልበደልሽኝም። በርሽ ታስሯል። እኔ በታሰረ በር ላይ እጄን አላሳርፍም። ልጅሽን እግዜር ያሳድግልሽ።»

ፍሙንም አልተቀበሏትም። እናቴ ነገሩ ያኔ ገባት። ቤት ስትደርስ ገሉን እንደ ያዘች አባቴን ጨርቁን ፍታ አለችው። «እንጀራዬስ?» አላት። «እንግዲያው እውነቱን ልንገራት» አለችው። «አንድ ሰው የሰማውን ሰፈር ይሰማዋል፣ ለፋሲካ ምን ቀረው» አላት። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም። ፈሪ ሰው ግን ቀጠሮ ያበዛል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። እኛ ዘንድ ሁሉም ጠረጠረ፤ ሁሉም ተመነጠረ።

ፋሲካ ደረሰ። አቶ ወልዴ መጥተው ቁልፉን ነቀሉ፣ ቀዳዳውን በጣውላ ደፈኑ፣ መወርወሪያውንና ጠፍሩን ወደ ቦታቸው መለሱ። አባቴ አንበሳውን ከነጨርቁ ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ እናቴንና አቶ ወልዴን አስከትሎ ወደ እማማ ብርቄ ቤት ተሻገረ።

ደጃፋቸው ላይ በቅሎ ቆማለች። ባናው፣ እንዝርቱ፣ ድስቱ ተጭኗል። በጾሙ መካከል «ሰው ከሚሸሸኝ ሰፈር አውጣኝ» ብለው አንኮበር ወዳሉት ወንድማቸው ልከው ኖሯል። ወንድማቸውም ልጓሙን ይዘው ይጠብቃሉ።

አባቴ ጨርቁን ፈታ። እናቴ የአንበሳውን መገልበጥና የአባቴን ፍርሃት ነገረቻቸው። እማማ ብርቄ አንበሳውን አገላብጠው አዩት። ሳቁ። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁ ቆመና እንባው ቀጠለ።

«አዬ ጸሐፊው» አሉ፣ «እኔ ቡዳ ተባልሁ ብዬ በወንዝ ማዶ ስንከራተት፣ አንተ አውሬ አስረህ ኖሯል?»

እናቴ በይ ጭነቱ ይውረድ አለች። እማማ ብርቄ ወደ ወንድማቸው ዞር ብለው አዩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ያን ሁሉ መንገድ በእግር መጥተዋል። ተልኮባቸው መጥተው ባዶ በቅሎ እየሳቡ አንኮበር ቢገቡ አገሩ ምን ይላቸዋል?

«ሰው ልኬ አስመጥቼ ወንድሜን መሳቂያ አላደርገውም» አሉ። «መስከረም ሲጠባ እመጣለሁ፣ ዘነቡ።»

ትተውት የሚሄዱት ቤት መዝጊያው ልል ነው። አቶ ወልዴ ጠጋ ብለው ማጠፊያውን ዳሰሱና «ይሄ እኮ በግራ ነው» አሉ። አባቴ አንበሳውን ሰጣቸው። እዚያው ተገጠመ፤ ቀጥ ብሎ፣ አናቱ ወደ ሰማይ። እማማ ብርቄ መክፈቻውን ከማተባቸው ጋር አስረው በቅሎዋን ተከተሉ።

መስከረም ጠብቶ አለፈ። እርሳቸው አልመጡም። እናቴ ጠዋት በሩን ስትከፍት አንበሳው ፊት ለፊቷ ነው። በሰፈሩ እንደ እርሱ ያማረ ቁልፍ የለም። የሚጠብቀው ቀዝቃዛ ምድጃ ነው።

አባቴ ከዚያ ወዲህ የቁልፍ ነገር አያነሳም። ሲመሽ ሲመሽ ብቻ፣ እናቴ ጠፍሩን ወደ ውስጥ አትሳበው ስትለው ያጉረመርማል። «አንቺ ሴት፣ ሌባ ይገባል» ይላታል።

«ይግባ» ትለዋለች ፍሙን በአመድ እየዳፈነች፤ «እግረ መንገዱን እሳት ይጫር።»