ሊቀ ገማቾች ይግዛው በወገዳ ወፍጮ ቤት

ለማይታይ ነገር ዋጋ ካላወጣሁ እንደሚል ሰው የሚያደክም ፍጡር በእስቴም በስማዳም የለም። እኔ ቤትና ማሽን የምገምት መሐንዲስ ነኝ፤ ቆርቆሮውን ቆጥሬ፣ ሞተሩን አይቼ በግማሽ ቀን እጨርሳለሁ። ፍርድ ቤቱ ግን ሁልጊዜ ከይግዛው ጋር አጣምሮ ይልከኛል። እሱ የሚገምተው የንግድን ስም፣ ዝናና ደንበኛ ነው። በልቤ ሊቀ ገማቾች ብዬ ሾሜዋለሁ።

"የሚዳሰሰውንማ ዓይነ ስውርም ይገምተዋል" ይለኛል፣ ሜትሬን እያየ።

መካነ ኢየሱስ ላይ አንድ የልብስ ሰፊ ሱቅ ስንገምት፣ ስንት መንገደኛ ሰላም እንደሚል ሁለት ቀን ሙሉ ከደጃፉ ቆጠረ። ዝናቡ የመታው እኔን ነው። አርብ ገበያ ደግሞ የጠጅ ቤት ደንበኞችን አንድ በአንድ ቢጠይቅ፣ ግብር ሰብሳቢ መስለናቸው ብርሌያቸውን እየተዉ ሸሹ። የጠጅ ቤቱ ባለቤት እስካሁን ታኮርፋለች፤ እሱን አይደለም፣ እኔን!

ባለፈው ጥር ወገዳ ተላክን። አባታቸው አቶ አያሌው የሞቱባቸው እህትና ወንድም በወፍጮ ቤት ተካሰዋል። አልጣሽ አባቷ ከታመሙ ጀምሮ ወፍጮውን አሥራ አንድ ዓመት ብቻዋን አሠርታለች። ወንድሟ አበባው የሚኖረው ደብረ ታቦር ነው።

"ወፍጮው ስም ያለው ነው። የስሙንም ግማሽ ትክፈለኝ፤ ካልቻለች ይሸጥ" አለ።

አልጣሽ ያን ያህል ብር ከየት ታምጣ? ጆንያ ማንሳቷን ቀጠለች።

እኔ እስከ ቀትር ጨረስሁ፤ ሞተሩ ያረጀ ብረት ነው። ይግዛው ግን ከጆንያዎቹ መሐል ሦስት ቀን ተቀመጠ። ዱቄቱ ጢሙን አነጣው፤ እኔን አሳለኝ።

"ሁለት ወፍጮ አልፈው ለምን እዚህ ይመጣሉ?" ብሎ እህል ሊያስፈጩ የመጡትን እማሆይ ካሣነሽን ጠየቃቸው።

"አልጣሽ ካለች እህሌን ጥዬ ቤተ ክርስቲያን ስሜ እመለሳለሁ። አንድ ጭብጥ አይጎድልም።"

"ወፍጮውን ትታ ብትሄድስ?"

"የሄደችበት እሄዳለኋ!"

መቶ ሰው ጠየቀ፤ መቶውም ይህንኑ አለው።

በአራተኛው ቀን ሁለቱን ጠራቸው። አበባው ፈገግ ብሎ መጣ። እኔም ትልቅ ቁጥር ጠብቄ ለአልጣሽ አዘንሁላት።

"ወፍጮው የብረቱን ያህል ነው የሚያወጣው" አለ ይግዛው።

"ስሙስ?" አለ አበባው።

"ስሙ የወፍጮው አይደለም፤ የእሷ ነው። እሷ ከወጣች ደንበኛው ተከትሏት ይወጣል። የአባታችሁ ቢሆን አካፍላችሁ ነበር።"

"መሐንዲሱ ይናገር እንጂ!" ብሎ አበባው ወደ እኔ ዞረ።

"ሦስት ቀን አብሬው ሰምቻለሁ፤ እውነቱን ነው" አልሁ፣ እያሳለኝ።

አልጣሽ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። "ልብ የሚለኝ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር" አለች።

ፍርድ ቤቱም ግምቱን ተቀበለ። አልጣሽ አንዲት ጊደር ሸጣ የብረቱን ግማሽ ለወንድሟ ከፈለች፤ ወፍጮው እጇ ላይ ቀረ።

ሰሞኑን አዲስ መዝገብ ሲመጣ፣ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ሳሌን ሰምቶ "ከደከመዎት በይግዛው ፈንታ ሌላ ገማች እንመድብልዎ" አለኝ። መዝገቡን ተቀብዬ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ባለቤቴን "ስንቁን ለሁለት ሰው አድርጊው፤ ያ ሰውዬ መብላቱን ይረሳል" አልኋት።