ለሽማግሌ የሚወርድ ብስክሌተኛ

ሰው ስንት ክፍል ድረስ ተማርክ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ስምንተኛ ላይ አቋረጥኩ እላለሁ። ጠያቂው ፊቱን ሳያዞር ቶሎ ብዬ፣ ግን የኮሌጅ ቡድን አሰልጥኛለሁ እልበታለሁ። አያምነኝም። እናንተም ገና አላመናችሁኝም አይደል? ቆዩ፣ ላስረዳችሁ።

ያኔ ላሊበላ ውስጥ አምስት ብስክሌት ነበረኝ። ነበረኝ ስል የአጎቴ ነው። እሱ ገዛ፤ እኔ አከራያለሁ፣ ሲሰበር እጠግናለሁ፣ ሳይመለስ ሲቀር ፍለጋ እወጣለሁ። ከአምስቱ ፍሬን ያላቸው ሦስቱ ነበሩ። እነሱን ለቱሪስት ነው የምሰጠው። የአገር ልጅማ ጫማ አለው። በጫማው ሶል ጎማውን ይጫናል፣ ይቆማል። ካልቆመ የሰው አጥር አለ።

አንድ ቀን የቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ የስፖርት መምህር መጣ። ደሴ ላይ የኮሌጆች የቡድን ብስክሌት ውድድር ስለሚካሄድ ቡድን አዘጋጁ የሚል ደብዳቤ ደርሶታል። ደብዳቤው ማህተም አለው፣ ቁጥር አለው፣ ግልባጭ አለው። ብስክሌት የለውም። ስለዚህ ወደ እኔ ላከው።

ተስማማን። እኔ ብስክሌት አቀርባለሁ፣ እጠግናለሁ፣ ልጆቹን አሠለጥናለሁ። ማጣሪያውን ካለፉ እኔም የቡድኑ ጠጋኝ ተብዬ ደሴ እሄዳለሁ፤ ማልያም እለብሳለሁ። ጀርባው ላይ የኮሌጁ ስም ያለበት ማልያ! እናቴ በዚያ ኮሌጅ በር ባለፍን ቁጥር መሬት መሬቱን ነበር የምታየው። እስቲ ስሙን ጀርባዬ ላይ ለጥፌ ልምጣና መሬት ታይ እንደሆነ! ለዚያች ማልያ ስል አውሮፕላንም ጠግን ቢለኝ እሺ እል ነበር።

ልጆቹን ለመምረጥ ያደረግነው የመጀመሪያው ሙከራ በአየር ማረፊያው መንገድ ቁልቁል ነበር። ቁልቁል ላይ ሁሉም ጀግና ሆነ፤ የሚሮጠው ብስክሌቱ ነዋ! አንደኛ የወጣው ልጅ መድረሻውን አልፎ ማሽላ ውስጥ ነው የተገኘው። ሁለተኛውን ሙከራ ሽቅብ አደረግነው። ሙሉቀንን ያገኘሁት ያኔ ነው።

ሙሉቀን የገነተ ማርያም ቄስ ልጅ ነው፤ ኮሌጁ ውስጥ ግንባታ ይማራል። በየሳምንቱ ስንቁን ተሸክሞ ከአገሩ በእግሩ ነው የሚመጣው። ባቱን ብታዩት! ሌላው ቆሞ የሚገፋውን ዳገት እሱ ተቀምጦ፣ እያንጎራጎረ ይወጣዋል። አገኘሁ አልኩ። ደሴ ገባሁ አልኩ። ማልያው ሰፊ ይሁን ጠባብ እያልኩ ማሰብም ጀመርኩ።

መጨረሻ የገባው እሱ ነው።

ምን ሆነህ ነው ስለው፣ ሽማግሌ አገኘሁ አለኝ። ሽማግሌ ሲያገኝ ይወርዳላ! እኛ አገር በበቅሎ የሚሄድ ሰው ታላቁን ሲያገኝ ወርዶ ሰላም ይላል። ሙሉቀን ብስክሌትን ከበቅሎ ለይቶ አያይም። ይወርዳል፣ ቆቡን ያነሳል፣ እጅ ይነሳል፣ እንደምን ዋሉ ይላል፣ ከብቱን ይጠይቃል፣ ልጆቹን ይጠይቃል፣ ተመርቆ ይወጣል። ሙከራው ደግሞ ትምህርት በሌለበት ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ገበያ ነው። በገበያ ቀን መንገዱ ላይ ስንት ሽማግሌ እንዳለ ታውቃላችሁ?

ዘመኑ የግምገማ ዘመን ነበርና ልጁ ተገመገመ። መምህሩ ሰበሰበን፣ ሙሉቀን ተነስቶ ግለ ሂስ አወረደ፣ እታረማለሁ አለ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አሥራ አንድ ጊዜ ወረደ። ቆጥሬያለሁ።

ደሴ የሚያስገባው ማጣሪያ ደግሞ እንዲህ ነው፦ ከቆላ በኩል የመጣ ሌላ ኮሌጅ ከእኛ ጋር ይወዳደራል፤ ከሁለታችን አንዱ ደሴ ይሄዳል። ቡድኑ አራት ሰው ነው። ሰዓት የሚያዘው አራተኛው ሰው ሲገባ ነው። ሦስቱ እንደ ጥይት ቢገቡ፣ አራተኛው ዳገት ላይ የሰው በሬ ጤና እየጠየቀ ከሆነ አበቃ። ልጁን እንዳልተወው ደግሞ እሱን የሚተካ እግር የለም።

ገነተ ማርያም ሄድኩ። ቄስ ወልዴን፣ የሙሉቀንን አባት፣ ከቅዳሴ ሲወጡ ጠብቄ መስቀል ተሳለምኩና ጉዳዬን ነገርኳቸው።

«አባ፣ ለአንድ ቀን ብቻ አትውረድ ይበሉልኝ።»

«እኔ ነኝ ውረድ ብዬ ያሳደግሁት» አሉ።

«ለአንድ ቀን ነው እኮ አባ። ብስክሌትም በቅሎ አይደለም።»

«እሱስ የሚወርደው ለብስክሌቱ ነው እንዴ? ለሰው ነው። ሰውየው ያው ሰውየው ነው።» መስቀላቸውን አስገቡና ቀጠሉ። «ልጁን አላዝዘውም። ሰዎቹን ግን አነጋግራለሁ።»

ምን ብለው እንደሚያነጋግሩ አልገባኝም። የገባኝ በውድድሩ ቀን ነው።

የእኛ ልጆች ቀድመው ተነሱ፤ የቆላዎቹ አሥር ደቂቃ ቆይተው ይከተላሉ። እኔ አምስተኛውን ብስክሌት ይዤ፣ መንፊያና መፍቻ አንግቤ ከኋላ ነኝ። ዳገቱን ጀመርን። መንገዱ ባዶ! የገበያ ቀን ሆኖ አንድ ሽማግሌ የለም። አገሩ ምን ነካው እያልኩ ወደ ድንጋይ ካቡ ዞር ስል ምን ልይ? ከካቡ በላይ የሚታይ የጥምጥም ጫፍ። ቀጥሎ ዱላ። ቀጥሎ ጋቢውን እስከ አናቱ ተከናንቦ እንደ ክምር የተቀመጠ ሰው። አንድ በምርኩዝ የሚሄዱ አዛውንት ካቡ ጋ ሳይደርሱ ቀርተው ኖሮ፣ ቁልቋል ሥር ዘለው ሲገቡ በዓይኔ አየሁ። እኚያ ሰውዬ ከዚያ በፊት መቼ እንደዘለሉ እንጃ!

ቄስ ወልዴ ሰንበቴ ላይ ተናግረው ኖሯል። ልጁ ካያችሁ ይወርዳል፣ ስለዚህ አትታዩ ብለው። የላስታ ሽማግሌ፣ ሰው ከመቀመጫው የሚነሳለት ሽማግሌ፣ ለአንድ ተማሪ እግር ሲል ካብ ሥር ተኛ! አገሬን እንደዚያን ቀን ኮርቼባት አላውቅም። እያለቀስኩ ነው የነዳሁት። ላብ ነው ብያለሁ፤ ለእናንተ ልዋሽ?

ሙሉቀን ሦስቱን ከፊቱ እየነዳ በረረ። ሦስቱ ገቡ፤ እሱ ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀረው ዓይኑ ከአባቱ ዓይን ጋር ገጠመ። ለካ ሁሉንም ደብቀው እሳቸው ራሳቸው ልጃቸውን ለማየት መጥተዋል! አዘጋጆቹም አክብረው መድረሻው ጥግ ወንበር ሰጥተዋቸዋል። ቄስ ወልዴ ደንግጠው ጥላቸውን አዘቅዝቀው ፊታቸውን ሸፈኑ። ልጅ የአባቱን ጥላ አያውቅም? ወረደ። ለጥላው እጅ ነሳ። ከዚያ ብስክሌቱን እየገፋ ሮጦ ገባ።

የቆላዎቹ ደግሞ በጣም ዘግይተው፣ በጣም ተቆጥተው መጡ። አምበላቸው ሰይድ የሚባል ረጅም ልጅ ነው። «ይሄ ምን ዓይነት መንገድ ነው?» አለ። «ሽማግሌ ከመሬት ይፈልቃል እንዴ እዚህ አገር?»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የእኛ ሰዎች ሙሉቀን ሲያልፍ ውድድሩ ያለቀ መስሏቸው አህያቸውን እየነዱ ከየካቡ ወጥተዋል።

«እና ቢወጡስ? ደወል የላችሁም?» አለ ዳኛው።

ሰይድ ዳኛውን እንደ ባለጌ አየው። «ለሽማግሌ ደወል? ወርደን ነዋ!»

በቃ፣ እነሱም ይወርዳሉ! እኔ ይህ በሽታ የሙሉቀን ብቻ መስሎኝ ነበር።

ዳኛው ግራ ገብቶት ቆመ። ቄስ ወልዴ ግን ተነሱና ያደረጉትን አንድ በአንድ ተናገሩ። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። «እነዚህም ልጆቼ ናቸው» አሉ። «ዐርፈው ይድገሙ። ለእነሱም እንደበቃለን።» ማልያዬ ከጀርባዬ ላይ ሲገፈፍ ተሰማኝ። ገና ሳልለብሰው!

ልጆቹ በሉ፣ ዐረፉ፣ ደገሙ። ሽማግሌው ሁሉ እንደገና ካብ ሥር ገባ። ቁልቋሉ ጋ ያሉት አዛውንት በዚህኛው ዙር ቀድመው ነው የገቡት አሉ። የቆላዎቹም በረሩ። ከመታጠፊያው ብቅ ሲሉ ዳኛው ሰዓቱን አየና ወደ እኛ ሳይሆን ወደ እነሱ ፈገግ አለ። አበቃልን።

መድረሻው አጠገብ ቄስ ወልዴ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ልጆቹን ሊመርቁ መስቀላቸውን ይዘው ብድግ አሉ። አራቱም ወረዱ! መንገዱን ያስለቀቁላቸውን አባት እንዴት ዝም ብለው ይለፉ? ሦስቱ መስቀል ተሳለሙ። ሰይድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝቅ አለ፤ ከሁሉም የቆየው ደግሞ እሱ ነው፤ ቄሱ የእናት የአባቱን ደህንነት፣ የአገሩን ዝናብ ሳይጠይቁ አልለቀቁትም።

በሦስት ሰከንድ አሸነፍናቸው።

ዳኛው ካልተስማማችሁ ሌላ ቀን ይደገም ወይ ብሎ ጠየቀ። ሰይድ ራሱን ነቀነቀ። «ሽማግሌ ሰላም ብዬ ሰዓቴ ይመለስልኝ አልልም» አለ።

መምህሩ ማልያዎቹን እዚያው አወጣ። ለእኔም ደረሰኝ፤ ትንሽ ይጠባል እንጂ ኮሌጁ ሙሉ ስሙ አለበት። ሰይድ መጥቶ ጨበጠኝ፣ ትከሻ ለትከሻ ተገጫጨን፣ ከዚያም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣

«ቅድም ያንተም ልጅ እዚህች ወንበር ጋ ወርዷል አሉ» አለ። «ታዲያ እኛ እስክንደግም ያን ሁሉ ጊዜ፣ ወንበሯን ወደዚያ ፈቀቅ ማድረግ አላሰብክም?»

እንዴት አላስብም? አስቤ ነው እዚያው የተውኳት። ግን ሰይድ ሲጠይቀኝ ማልያውን ለብሼ ስለነበር፣ የኮሌጁን ስም ላለማስነቀፍ ዝም አልኩ።