አርሶ አደሮቹ ይታለባሉ

ትናንት የመመረቂያ ጽሑፌን አስረክቤ፣ ደስ ብሎኝ በጊዜ ተኛሁና ሕልም አየሁ። ሕልም ከተባለ።

ጥናቴን ፈታኞች ፊት ላቀርብ ወደ አዳራሹ እየሄድኩ ነበር። ጥናቴ ስለ ወተት ነው። ደጃፉ ላይ አርሶ አደሮች ተሰልፈዋል፤ ላሞች ዱካ ላይ ተቀምጠው ተራ በተራ ያልቧቸዋል። በሰልፉ መካከል፣ ለጥናቱ ቃለ መጠይቅ ያደረግኩላቸውን ጋሽ ደበላን አየኋቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

“ልጄ፣ ምን በደልንህ?” አሉኝ። “ቤቴ አስገብቼ እርጎ ያጠጣሁህ ለዚህ ነው?”

ምን እንዳደረግኩ አልገባኝም። ሮጬ አዳራሹ ገባሁ። ፈታኞቹም ላሞች ናቸው። መነጽር ያደረገችው ሰብሳቢ ገና ስታየኝ ተነፈሰች።

“‘ላም አለኝ በሰማይ’ የምትሉኝ እኔ ነኝ። ዛሬ ወረድኩ” አለች። “በል ምዕራፍ ሦስትን አንብብ።”

“አርሶ አደሮቹ ጠዋትና ማታ ይታለባሉ።”

“እንዳልከው አደረግን።”

“ያልባሉ ለማለት ነው እኮ!”

“ታዲያ አትልም ነበር? እኛ በተጻፈው ነው የምንሄደው።”

ከውጭ ጋሽ ደበላ “ኧረ እጇ ይቀዘቅዛል!” ብለው ሲጮኹ ሰማሁ። አንጀቴን በሉት። ስህተቱ የእኔ፣ የሚታለቡት እሳቸው።

“ማስቆም ከፈለግህ ዋቢ ጥራ” አለች ሰብሳቢዋ።

“ከገጽ ዘጠና ጀምሮ ሞልተዋል።”

“እነሱማ የት ያውቁሃል? ጽሑፍህን አንብቦ፣ ዓይን ዓይንህን እያየ ‘ተሳስተሃል’ የሚልህ ወዳጅ የለህም?”

ውድነሽ ትዝ አለችኝ። አብራኝ የምታስተምር፣ ነጠላ ሰረዝ ያለቦታዋ ካየች እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ናት። ስሟን ስጠራ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ በጣሪያው በኩል ወረደች።

“ስጠኝና ልይልህ እያልኩ ስለምንህ አልነበር?”

“ሐሳቤ እንዳይሰረቅ ብዬ ነው።”

ላሞቹ ሳቁ። በሳቃቸው የመስኮቱ መስታወት ረገፈ። “ይሄን? ማን?” አሉ።

ውድነሽ ግን አልሳቀችም። እንዲህ ደስ ያለችኝ ቀን የለም። “አምጣ” ብላ ወረቀቱን ተቀበለችኝና “ይታለባሉ” የሚለውን ሰረዘች። ከላዩ “ያልባሉ” ልትል “ያ” የሚለውን እንደ ጻፈች ስልኬ ጮኸና ነቃሁ።

ነግቷል። የደወሉት አማካሪዬ ናቸው።

“ምስጋናህን አየሁት” አሉ፣ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ። “‘አማካሪዬ ለሰጡኝ የተቆጠበ ድጋፍ’ ይላል።”

“ያልተቆጠበ ለማለት ነው ዶክተር! ያልተቆጠበ!” ያ የላሞቹ ነገር አላስቀምጥ ቢለኝ “ምዕራፍ ሦስትንስ እንዴት አገኙት?” አልኩ።

ወረቀት ሲገልጡ ሰማሁ።

“ምዕራፍ ሦስት አለው እንዴ?”