ክብርት ወይዘሮ ሆርሞን

ሰው ሲከፋው ዝም ብሎ እንዲከፋው የማትፈቅድ ጎረቤት የሌላት ሴት፣ ጎረቤት አለኝ ብላ አታውራ።

ልብስ ሰፊዋ ግን አለቻት፤ ያውም ግድግዳ ለግድግዳ። ክብርት ወይዘሮ ሆርሞን ዕድሜያቸውን የፈጁት መድኃኒት ቤት ገንዘብ ተቀባይ ሆነው ሲሆን፣ ጡረታ ሲወጡ የቤቱን ዕውቀት ጠራርገው ይዘው ወጥተዋል። ባለሱቁ ፊቱን ካጠቆረ “ታይሮይድህን ተመርመር” ይሉታል። የሰው ጎረምሳ በር አጋጭቶ ከወጣ “አትቆጡት፣ ሆርሞን ነው!” ይላሉ። ልብስ ሰፊዋ በሐሳብ ተወስዳ ለአንድ ኮት ሁለት የግራ እጅጌ የሰፋች ዕለትማ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ፈረዱ።

“ኮርቲሶል! ጭንቀት ሲበዛ ትኩረት ይበትናል። አንቺ ምን ታደርጊ፣ ሆርሞን ነው።”

ባለኮቱ ግን ሆርሞኑን አልተቀበለም።

ይህን ሁሉ ችላለች። ያልቻለችው የታናሽ እህቷን ነገር ነው። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደገቻት እሷ ናት። ልጅቱ በቅርቡ ወልዳ፣ ያለ ምክንያት ማልቀስ ጀመረች። “ጤነኛ ልጅ ታቅፈሽ ምን ያስለቅስሻል?” ስትላት ይብስባታል፤ ክብርትነታቸው ብቅ ሲሉ ግን ፊቷ ይፈታል። አንድ ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ ሾርባ ይዛ ብትገባ፣ እህቷ የጎረቤቲቱን ጭን ተንተርሳ ትስቃለች። 

“እትዬ፣ እህቴን በሆርሞን ወሰዱብኝ!” ብላ ጮኸች።

“የእሷ ሆርሞን ነው” አሉ ክብርትነታቸው፣ ቅንጣት ሳይቆጡ። “ከወሊድ በኋላ ቁልቁል ይወርድና ሆድ ያስብሳል። ያንቺ ግን ቅናት ነው።”

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “እኔ የመጀመሪያዬን ወልጄ እንዲህ ሳለቅስ፣ ልጇን የማትወድ ናት አሉኝ። ሆርሞን ነው ያለኝ አንድ ሰው አልነበረም። እኔም አመንኳቸው።”

ልብስ ሰፊዋ ሾርባውን መጀመሪያ የቀዳችው ለእሳቸው ነበር።

እህቷ ቀስ በቀስ ደህና ሆናለች። ክብርትነታቸው ደግሞ ሰሞኑን ከታችኛው መንገድ ሌላ አራስ አግኝተው፣ ጠዋት የወጡ ማታ ነው የሚገቡት። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቁማ በመስኮት መንገዱን ታያለች፤ ደንበኛ ሲያናግራት እንኳ አትሰማም። ካኮረፈች ሦስት ቀኗ ነው፣ ኩርፊያዋን የሚመረምርላት ግን የለም።

“እዚያ ምን አላቸው?” አለቻት እህቷን፣ በንዴት። “እኛስ ሆርሞን የለንም እንዴ?”