የሚምልበት ንጉሥ የሌለው ሙሽራ

የመሪውን ስም የማያውቅ ሕዝብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ሕዝቡን በሙሉ እንኳ አላየሁም፤ አንዱን ነው ያየሁት። አንዱ ግን በቂዬ ነው።

ሰውዬው ሙሴ ኤሚል ይባላል። ስዊዘርላንድ ከምትባል አገር የመጣ ፈረንጅ ነው። ያን ጊዜ ኮተቤ አንድ ወፍጮ ቤት ነበር። እኔ ሚዛኑ ላይ እሠራለሁ፤ እሱ ደግሞ ሞተሩን ሊጠግን በኮንትራት መጣ። ያ ሞተር ከአማት ይብስ ነበር፤ ያለ ምክንያት ያኮርፋል። እሱ ሲያኮርፍ ከካራ አህያ ጭኖ የመጣው ሰው ሁሉ እህሉን እንዳለ ይዞ ይመለሳል። ሙሴ ኤሚል ከመጣ በኋላ ኩርፊያው ቀረ። እኛም ወደድነው።

መቼም ፈረንጅ አማርኛ ሲለምድ ከማን እንደሚለምድ መጠንቀቅ አለበት። ሙሴ ኤሚል የለመደው እህል ሊያስፈጩ ከሚመጡት ሴቶች ነው። ስለዚህ የሚያውቀው «አንቺ»ን ብቻ ነው። ለእኔ «እንዴት አደርሽ»፣ ለዘበኛው «ወዴት ትሄጃለሽ»። መሪጌታ ላቀው የሚባሉ ጺማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ ትልቅ ሰው ጎረቤታችን ነበሩ። አንድ ቀን ሲያገኛቸው «መሪጌታ፣ ጺምሽ እንዴት ያምራል!» አይላቸውም? ዘበኛው ሣቁን ለመደበቅ ወፍጮው ውስጥ ገባ። ዱቄት ለብሶ ወጣ።

ስለ አገሩ ካነሣችሁበት አለቀላችሁ። ትንሽ ናት ይላል፤ ካርታ ላይ በአውራ ጣት ትሸፈናለች። ሜዳ የላትም፤ ተራራ በተራራ ናት። ላሞቹ ገደል ላይ ነው የሚግጡት። አንድ ቀን እንጦጦን ቀና ብሎ አየና «ይቺ ጉብታ ደስ ትላለች» አለ። ጉብታ! እንጦጦን! ሰፈሩ ሁለት ቀን አኮረፈው።

ያላኮረፈችው ዘነበች ብቻ ነበረች። ዘነበች የባላምባራስ ቱሉ ልጅ ናት። ባላምባራስ ካራ የከበሩ ባለርስት ናቸው። ሲረጋጉ በአማርኛ፣ ሲቆጡ በኦሮምኛ ይናገራሉ፤ የሚወዷት ልጅ ግን በሁለቱም ቋንቋ አንዲት ብቻ ናት። ዘነበች ጤፍ ልታስፈጭ በመጣች ቁጥር ሙሴ ኤሚልን ታርመዋለች። «ወንድ አንተ ነው የሚባለው» ትለዋለች። እሱ «እሺ» ይልና ወዲያው ይሳሳታል። ባረመችው ቁጥር ይብስበታል። ሞኙ እኔ ሰውዬው ትምህርት አይገባውም እል ነበር። ለካ እንድታርመው ነው!

ሽማግሌ ሆነን እንድንሄድለት መሪጌታንና እኔን የለመነን ቀን ነው የገባኝ።

ሄድን። ባላምባራስ ቁጭ በሉ ሳይሉ ጠየቁን። ሃይማኖቱን አይደለም፤ ሀብቱንም አይደለም። «ማነው የሚያዘው? የማን አሽከር ነው? ንጉሡ ማነው?» አሉ። መሪጌታ እኔን አዩኝ፣ እኔ መሪጌታን አየሁ። ጠይቀን እንመለሳለን ብለን ወጣን።

ጠየቅነው። ንጉሥ የለንም አለ። እሺ፣ ሪፐብሊክ ከሆነ ፕሬዚዳንት ይኖራል፤ ስሙ ማነው? ራሱን ማከክ ጀመረ። የአምናውን ያስታውሳል፤ የዘንድሮውን አልሰማም። ነገሩ እንዲህ ነው አለን፦ አገሩን የሚያስተዳድሩት ሰባት ሰዎች ናቸው። ከሰባቱ አንዱ ለአንድ ዓመት ብቻ ፕሬዚዳንት ይባላል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ለሌላው ያስተላልፋል።

«ሸክም ነው እንዴ በተራ የሚያዝ?» አሉ መሪጌታ።

«ልክ ነሽ መሪጌታ! ሸክም ነው!» አለ ሙሴ ኤሚል፣ ደስ ብሎት።

ይህንን ይዘን ባላምባራስ ዘንድ ተመለስን። ከጀርባቸው ባለው ግድግዳ ላይ ጋሻ ተሰቅሏል። ሰምተው ሲጨርሱ ጋሻውን ዞር ብለው አዩት፤ ምክር የሚጠይቁት ይመስሉ ነበር። ከዚያ፣ ደንቡ ባይሆንም፣ ሰውዬው ራሱ ይምጣ አሉ።

እዚህ ላይ ለወጣቶቹ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። ሙሴ ኤሚል የእኛ ሃይማኖት ሰው ስላልሆነ ቁርባን አይታሰብም፤ የቀረው ሰማንያ ነው። ሰማንያ ደግሞ ያለ መሐላ አይታሰርም። ሙሽራው በሽማግሌ ፊት «ጃንሆይ ይሙት» ብሎ ይምላል። ሞታቸውን ተመኝቶ አይደለም፤ ቃሌን ባፈርስ በንጉሥ ላይ እንዳመፅኩ ይቆጠርብኝ ማለቱ ነው። ከዚህ በላይ ማሰሪያ የለም።

ሙሴ ኤሚል ክራባቱን አስሮ መጣ። «ባላምባራስ፣ እንዴት ዋልሽ» ብሎ ጀመረ። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ባላምባራስ ግን ሌላ ነገር ነው ያሳሰባቸው። በእኛ ንጉሥ ቢምል ምን ይጠቅመኛል አሉ። ነገ አገሩ ሲገባ የእኛ ንጉሥ ምኑ ነው? በራሱ ይማልልኝ። ታዲያ በማን? በዘንድሮው ፕሬዚዳንት እንዳይምል ስሙን አያውቀውም። ቢያውቀውስ? ሰውዬው ዓመት ሲሞላው ይወርዳል። «ያን ጊዜ ልጄ ፈት ናት ማለት ነው?» አሉ ባላምባራስ። እስቲ ይህን ማን ይመልሳል?

ሙሴ ኤሚል ግን ቆራጥ ነው። ትንሽ አሰበና «ሰባቱም ይሙቱ!» አለ።

መሪጌታ አማተቡ። ለአንዲት ሴት ሰባት ሰው? ደግሞስ አንዱ ታሞ ቢሞት መሐላው በስድስት ይጸናል ወይስ ይላላል? ፍትሐ ነገሥት የተማሩ ሰው ናቸውና ይህን በትክክል ማወቅ ፈለጉ። ሙሴ ኤሚል በመጨረሻ በአገሩ እውነተኛው ንጉሥ ሕዝቡ መሆኑን አስታወሰና፣ ከተቀመጠበት ተነሥቶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ሕዝብ ይሙት!» ብሎ ጮኸ።

«ማል ጄዳ ኩን?» አሉ ባላምባራስ። ምንድነው የሚለው ይሄ ማለታቸው ነው። ኦሮምኛው መጣ! ግቢው ውስጥ ሰው አለ፤ ሕዝብ ማለት እኮ እኛው ነን። እኔ በበኩሌ በሩ የት እንደሆነ ማየት ጀመርኩ።

ያዳኑን መሪጌታ ናቸው። ሙሴ፣ አሉት፣ ንጉሡንም ሰባቱንም ሕዝቡንም ተዋቸው። ማን ቢሞትብህ ነው ምድር የሚከዳህ?

ዘነበች ጓዳ ናት፤ መጋረጃው ሲንቀሳቀስ ሁላችንም አይተናል። ሙሴ ኤሚል ወደ መጋረጃው ዞረና ቀስ ብሎ «ዘነበች ትሙት» አለ።

ከመጣ ጀምሮ በወንዶች መሃል የሴቱን አነጋገር በቦታው ሲያውል የሰማሁት ያን ቀን ነው። የሚወዷትን ልጅ ሞት በባላምባራስ ፊት የጠራ ሰው ነው፤ እንዳይቆጡ ደግሞ ድምፁን ሰምተውታል። መጋረጃውን አይተው «እሺ፣ ይሁን» አሉ። እፎይ አልን።

ምን ዋጋ አለው? ቀጥለው እውነተኛውን ጥያቄ አመጡት። መቼ ነው ወደ አገርህ የምትወስዳት አሉ። ኮንትራቴ ሲያልቅ አለ። ባላምባራስ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ።

«እዚህ ብትበድላት መንገድ ዳር ቆሜ፣ መኪናቸው ሲያልፍ፣ ጃንሆይ አቤት! እላለሁ» አሉ። «እዚያ ለማን ልበል? የማን በር ላይ ልቁም? አንተ እንኳ የማታውቀውን ሰው እኔ ምን ብዬ ልጥራው?»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስለ ንጉሥ የምንከራከር መስሎኝ ነበር። ለካ ሰውዬው ልጃቸው እንዳትርቃቸው ነው ይህን ሁሉ የሚጠይቁት።

ሙሴ ኤሚልም አዘነ፤ ሊያጽናናቸውም ፈለገ። በአገሬ አቤት ማለት አያስፈልግም አላቸው። በእሱ አውራጃ ሕዝቡ በዓመት አንድ ጊዜ አደባባይ ይወጣል። ወንዶቹ ጎራዴያቸውን ይታጠቃሉ። ሕግ ይነበባል። የወደደ እጁን ያወጣል፣ የጠላም በተራው ያወጣል፤ የበዛው ያሸንፋል። አቤት የምትይው ለማን ነው? ንጉሡ ራስሽ ነሽ! አላቸው። ጎራዴ ሲባል ባላምባራስ ቀና አሉ። ነገሩ ሊጥማቸው ምንም አልቀረው።

«እኔም እጄን አወጣለሁ?» አለች ዘነበች ከመጋረጃው ኋላ።

ሙሴ ኤሚል በርበሬ መሰለ።

«ሴት... ሴት ገና ናት» አለ።

መጋረጃው ተገለጠ። ሽማግሌ ባለበት ልጅ መውጣቷ ነውር ነው፤ እሷ ግን ወጣች። «እኔ ለምክር ቤት እንደራሴ ድምፅ ሰጥቻለሁ! አባባ ምስክሬ ናቸው!» አለች። ባላምባራስ አዎን ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «የመረጥኩት ሰውዬ ከዚያ ወዲህ ካራን ረግጧት አያውቅም። ቢሆንም ሰጥቻለሁ! አንተ አገር ደግሞ ወንዱ ሁሉ ንጉሥ ሆኖ እኔ ምን ልሆን ነው?»

ወንዱ ሁሉ ንጉሥ! እኛ አንዱን ችለን ነው የምንኖረው። መሪጌታ ጺማቸውን ይዘው መሬት መሬት አዩ።

ዘነበች ፍርዷን ሰጠች። አገባሃለሁ አለችው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም፤ የአንተ አገር ሴቶች እጃቸው እስኪቆጠር ድረስ ግን ከካራ ንቅንቅ አልልም። ሙሴ ኤሚል በደስታ ተቀበለ። የሠለጠነ አገር ነው፣ ቢበዛ በሚመጣው ዓመት ይሆናል ብሎ ማለ። የማለው በማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሠርጉ ሆነ። የሚመጣው ዓመት መጣ፤ ሄደ። ሌላውም መጣ። ኮንትራቱ አለቀ፣ ታደሰ፣ እንደገና አለቀ። ሙሴ ኤሚል ካራ ቤት ሠራ፤ ጣሪያውን እንደ አገሩ ሹል አደረገውና ሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን መስሎት ይሳለመው ጀመር። ሦስት ልጆች ወለዱ። በአማርኛ ይጫወታሉ፣ በኦሮምኛ ይሰዳደባሉ፣ በጀርመንኛ ያለቅሳሉ።

የአገሩ ወሬ በደረሰው ቁጥር ባላምባራስ ከዘራቸውን ይዘው ይመጣሉ። «ወንዶቹ ምን አሉ?» ይሉታል። ሙሴ ኤሚል አንገቱን ይደፋል። «ዘንድሮም እንቢ አሉ» ይላል፣ በሀፍረት።

«ጸኑ?»

«ጸኑ።»

«ተመስገን! ወንድ ማለት እንዲህ ነው! በዚሁ ያጽናቸው!» ይሉና የልጅ ልጃቸውን አቅፈው ይስማሉ። የማን በር ላይ ልቁም ያሉት ሰው አሁን ከዚያ አገር የጸና መንግሥት በዓለም የለም ባይ ሆነዋል።

እኔ ነገሩ ያሰጋኛል። ሰው ሁልጊዜ ግትር ሆኖ አይኖርም። በቀደም ዘነበችን ለብቻዋ አግኝቼ ጠየቅኋት። እነዚያ ወንዶች አንድ ቀን ልብ ገዝተው እጅሽን ቢቆጥሩልሽስ? ቃልሽ ነው፣ መሄድሽ ነው። አባትሽስ?

በሩ ላይ ፀሐይ የሚሞቁትን አባቷን አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ሣቀች።

«ያን ጊዜማ» አለችኝ፣ «አቤት የምልለት ንጉሥ ያምጡልኝ እላለኋ!»